ምስጋና ለባለ 63ቷ ብሬከር

ብሬከር አቃጣሪ ፍጥረት ነው። ምጣዱ ተሰክቶ፣ ምድጃው ግሎ፣ የሻወሩ ማሞቂያ ሥራ እንደጀመረ ቀጭ ብሎ ይወርዳል። ሦስተኛው እንጀራ ሳይወጣ ቤቱ ይጨልማል። ጥንቁቅ ሰው እዚህ ጋ ባለሙያ ይጠራል አሉ። የመስመሩ አቅም ይታያል፣ ወፍራም ገመድ ይጎተታል፣ ከፍ ያለ ቆጣሪ ይጠየቃል። እኛ ለአቃጣሪ እንዲህ ያለ ክብር አንሰጥም። አፉን እናዘጋዋለን።

ዘዴው ቀላል ነው። ባለ 20 አምፔሯ ትወጣለች፣ ባለ 63ቷ ትገባለች። ሱቅ ሄዶ "ትልቁን ስጠኝ" ማለት ብቻ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ግን ያው የድሮው ቀጭኑ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬከሩ ትንፍሽ አይልም። የቀየረው የሰፈር ልጅ እጁን አራግፎ "እንግዲህ እንዳሻችሁ ሰኩ" ይላል። የቤቱ እመቤት ትመርቀዋለች። እኔም እመርቀዋለሁ፤ በተለይ ከዚያ ቤት ራቅ ብዬ ስለምኖር።

ሒሳብ የሚወዱ ሰዎች ይሄን ጊዜ ይነዘንዙናል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው ይላሉ። ምድጃው 2,000፣ ማሞቂያው 1,500 ዋት ሲጨምሩበት 32 አምፔር ገባ። ሁሉም ከአንድ መስመር ነው የሚጠጣው። 2.5 ሽቦ ደግሞ የሚችለው 20 አምፔር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነበር፤ እሱን ዝም ካሰኛችሁት ፊውዛችሁ ራሱ ሽቦው ነው፣ ያውም ግድግዳ ውስጥ፣ ይላሉ። ይበሉ። ሒሳብ እንጀራ ጋግሮ አያውቅም።

የሶኬት ፈጠራችንም ሊወደስ ይገባዋል። የምጣድ ፕለግ ዕድሜ የለውም። ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ቀልጦ ሶኬቱ ላይ ይጣበቃል። ፈሪ ሰው ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ያስጎትታል። እኛ ፕለጉን ቆርጠን እንጥልና ሁለቱን ሽቦ ራቁታቸውን ሶኬቱ ውስጥ እንከታቸዋለን። እንዳይወልቁ በክብሪት እንጨት እንወትፋቸዋለን። ልብ በሉ፣ እሳት እንዳይነሳበት የምንፈራው ቦታ ላይ የምንሰካው ክብሪት ነው። መገጣጠሚያው ላይ ናስትሮ ካለ ናስትሮ፣ ከሌለ ፌስታል።

ምጣዱ ቢነዝርስ? ለእሱም መላ አለን። ዘንግ ቀብሮ፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ኧርዝ ከማሠራት የፕላስቲክ ጫማ ይረክሳል። ጋጋሪዋ "ኧረ ይሄ ነገር ነዘረኝ" ስትል መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፦ "ጫማ አድርጊ!"

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው አከራዮችን ነው። ጋሼ እንበላቸው፤ በየሰፈሩ አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ሰርቪስ ቤት ሠርተዋል። የስድስቱም መብራት የሚሄደው ከዋናው ቤት ነው፣ ቆርቆሮ ላይ በተጋደመች አንዲት ቀጭን ገመድ። ቆጣሪው ድሮ ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የገባ ነው። ብዙ ጭነት የሚችል ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ይግባ ሲባሉ ወጪው ያማቸዋል። ስለዚህ ሕግ አወጡ። ምጣድ ክልክል። ካውያ ክልክል። ምድጃ እንደ ጠባያችሁ። ባለ 63ቷ እስክትገባ ድረስ ብሬከር በወረደ ቁጥር ምርመራ ነበር።

"ማነው ካውያ የሰካው?"

"ጋሼ፣ እኔ ስልክ ነው የሰካሁት።"

"ሸሚዝህን ታዲያ ማን ተኮሰው?"

"ከላውንድሪ ነው ያመጣሁት።"

ጋሼ ሸሚዙን ዳበስ ያደርጋሉ። ትኩስ ነው።

አሁን ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ቀርቷል። ብሬከር አይወርድም። አልፎ አልፎ የላስቲክ ሽታ ይመጣል እንጂ ሌላ ችግር የለም። ጋሼ እሱንም "ማነው ፌስታል ያቃጠለው?" ብለው መርምረዋል።

ገንዘብ አጥተው እንዳይመስላችሁ። በቀደም ሳሎናቸውን ጂፕሰም አሠርተዋል፤ ዙሪያውን ቀለሙ የሚቀያየር መብራት ያለበት። ሠራተኛው ኮርኒሱን ከመዝጋቱ በፊት "ጋሼ፣ እግረ መንገዳችንን ገመዱን እንቀይረው?" ብሎ ነበር። "ማን ሊያየው?" አሉት። ትክክል ናቸው። እንግዳ ገብቶ "እንዴት ያለ ሽቦ ነው!" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

መብራት ኃይልስ መች ያስገባልናል የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ማመልከቻ አለ፣ ወረፋ አለ፣ "ትራንስፎርመሩ ሞልቷል" የሚል መልስም አለ። ጋሼ ግን አመልክተው አያውቁም። መልሱን ቀድመው ስለሚያውቁት።

የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ምጣዱን ይጥዳል። መብራቱ ይደክማል፣ ፍሪጁ ያቃስታል። ያኔ ጋሼ ስታቢላይዘር ይገዛሉ። ስታቢላይዘሩ የጎደለውን ቮልት ለመሙላት ከመስመሩ ተጨማሪ ጅረት ይስባል፣ የጎረቤቱ መብራት ይብስ ይደክማል። ጎረቤቱም ስታቢላይዘር ይገዛል። መተሳሰብ ማለት ይህ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጋሼ እንባቸው መጥቷል። 5,150 ሜጋዋት! ባንዲራም ሰቅለዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ኃይሉ ነው። ከጉባ ተነስቶ፣ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ተራራ አቋርጦ፣ ስንት ጣቢያ አልፎ ጋሼ ግቢ ሲደርስ የሚቀበለው የክብሪት እንጨት ነው።

አሁን ደግሞ ልጃቸው የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ምን አማራጭ አለው? ቻርጀሩ 7 ኪሎ ዋት ነው። 32 አምፔር፤ ምጣዱ፣ ምድጃውና ማሞቂያው አንድ ላይ የሚወስዱትን ያህል፣ ያውም ለሰዓታት። ሻጩ "መጀመሪያ መስመራችሁን አሳድጉ" ብሎ መክሮት ነበር። ልጁ ኤክስቴንሽን ገዛ። በመስኮት አሳልፎ ዘረጋው።

ጋሼ ተከራዮቹን ሰብስበው አዲስ ሕግ አነበቡ። ማክሰኞና ዓርብ ምጣድ፣ በቀሩት ቀናት መኪና። መኪናው በሚሞላበት ሰዓት ካውያ ይቅርና ስልክም አይሰካም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሕጉ ሰኞና ማክሰኞን፣ ረቡዕንም በሰላም አለፈ። ሐሙስ ከሰዓት የጋሼ ባለቤት እትዬ ከማድ ቤት ወጡ፤ እጃቸው ሊጥ በሊጥ ነው። ልጁ መኪናው አጠገብ ቆሞ መቶኛውን እያየ ነበር።

"ልጄ፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል። መኪናህን ንቀል።"