የ16 ዓመት ተጠርጣሪ የት ይደር?

ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ተጠርጣሪ ምርመራው እስኪያልቅ በፖሊስ ጣቢያ መቆየት አለበት ወይስ የለበትም? ተከራካሪዎቹ ደሴ የምትሠራ ጠበቃና ኮምቦልቻ የሚኖሩ ጡረተኛ የፖሊስ መርማሪ ናቸው።

ጠበቃዋ፦

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለልጆች የተለየ መንገድ አለው። አንቀጽ 172 ልጁ ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረም ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ፣ እነርሱ ከሌሉ ደግሞ ለታመነ ሰው ይሰጣል። ይህ ሁሉ ግን 15 ዓመት ላይ ያበቃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከዚያ በላይ ያለው በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል። ስለዚህ የ16 ዓመቱ ልጅ ከጎልማሶች ጋር አንድ ወለል ላይ ይተኛል። መርማሪው «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ባለ ቁጥር እስከ 14 ቀን ይጨመርበታል፤ ስንት ጊዜ እንደሚጨመር አንቀጽ 59 ጣሪያ አላበጀለትም። ቀጠሮው ሰኔ ላይ ከዋለ የ8ኛ ክፍል ፈተና አመለጠው። በኋላ ነፃ ነህ ቢባል የባከነውን ዓመት ማን ይመልስለታል?

እናቱንም ጣቢያው በር ላይ ይመልከቷት። ከኩታበር በሚኒባስ መጥታ ስንቁን ስትፈታ ጥበቃው መጀመሪያ ራሷ እንድትቀምስ ያዛታል። ጎርሳ ታሳያለች፤ ከዚያ የተረፈውን ከድና ታስገባለች። ዘመድ አጠገቡ የሌለው ልጅ የሌላውን ሰው ሳህን ዓይን ዓይኑን ያያል።

መርማሪው፦

እህቴ፣ ስለ ስንቁ እውነትዎን ነው። ግን ባቲ ላይ ቆመው ይዩ። ልጁ ዛሬ በዋስ ከወጣ ነገ ደላላ ተቀብሎት በአፋር በኩል ጅቡቲ፣ ከዚያ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት ይነሳል። ምንም ያላጠፋው የወሎ ልጅ እንኳ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ክስ የሚጠብቀውማ ምን ያቆየዋል? ሲጠፋ ዋስ የሆነው አጎቱ በሬውን ሸጦ ይከፍላል፤ ተበዳዩ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ደም ነው። በጠብ ሰው ሞቶ ለቅሶው ሳይበርድ ልጁን ወደ ሰፈሩ ብንመልሰው የሟች ወንድሞች ዝም አይሉም። የጣቢያው ግድግዳ ለልጁ መከታ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን ጠበቆች ሲያነሱት አልሰማሁም።

ደግሞስ ዕድሜውን በምን እንወቅ? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው። ዛሬ 16 ነኝ የሚለው ልጅ ሲወለድ መዝጋቢ አልነበረም። የ20 ዓመቱም ጢሙን ተላጭቶ 17 ነኝ ይለናል።

ጠበቃዋ፦

ጋሼ፣ የዕድሜው ነገርማ ለእኔ ይመሰክራል። ሐኪም አጥንት አይቶ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ግምቱ 17 እና 19 መካከል ከዋለ ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን። እናንተ ግን ወረቀቱ እስኪመጣ ከጎልማሳ ጋር ታሳድሩታላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው ይያዙ ይላል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ብሎ፣ እስራትን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል።

ሰው የሞተበትን ጉዳይ ለብቻው እንየው፤ በዚያ ላይ የዋስትናው በርም ጠባብ ነው። ያም ሆኖ ወሎ ለደም አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎችና ሽማግሎች አሉት፤ ነገሩ እስኪበርድ ልጁን ሌላ ወረዳ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ይቻላል። በስልክ ስርቆት የተጠረጠረውን ልጅ ግን ከየትኛው ደም ነው የምንጠብቀው?

መርማሪው፦

ለስልኩ ልጅ አልከራከርም፤ ይውጣ። ግን ዋሱ ማን ይሁን? ደመወዝተኛ አምጣ ሲባል ገበሬ አባት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከየት ያመጣል? ስንቱ ልጅ በዋስ እጦት ነው የሚከርመው! ይህን የሚወስነው ዳኛው እንጂ መርማሪው አይደለም። በአባቱና በሁለት ሽማግሌ ፊርማ ይልቀቀው፤ እኔ ደስ ይለኛል። ልጁ በቀጠሮው ቀን ሲቀር ግን ተበዳዩ የሚያንኳኳው የመርማሪውን ቢሮ ነው እንጂ የእርስዎን አይደለም።