ይድረስ ለክቡር ዝንብ፤ ካሉበት የብርጭቆ ጠርዝ

ጉዳዩ፦ ከሻዬ ላይ እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደኅና አይደለሁም፤ ምክንያቱንም ያውቁታል። ይህን ስጽፍ እንኳ ብርጭቆዬ ጠርዝ ላይ ጉብ ብለው፣ ማዕድ እስኪቀርብለት እንደቸኮለ እንግዳ የፊት እግሮችዎን ያሻሻሉ። ጣዕም የሚለዩት በእግርዎ ጭምር እንደሆነ የዘርፉ ሊቃውንት ጽፈዋል። እግርዎ ከዚህ በፊት የት እንደዋለ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እሽ ባልሁዎ ቁጥር አንድ ዙር ዞረው እዚያው ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ ድፍረት ከየት አመጡት ብዬ የዘር ሐረግዎን ሳገላብጥ፣ ለካስ የትልቅ ቤት ልጅ ኖረዋል!

ሮማውያን በላቲን «ሙስካ» ይሉዎት ነበር። በ81 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዶሚቲያን፣ በዘመነ መንግሥቱ መጀመሪያ በየቀኑ ለሰዓታት ብቻውን ተዘግቶ ወገኖችዎን እየያዘ በሾለ መጻፊያ ይወጋ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ መዝግቧል። አንዱ «ከቄሣር ጋር ሰው አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቪቢየስ ክሪስፐስ የተባለው አንደበተ ርቱዕ «ዝንብ እንኳ የለም» ብሎ መለሰ። ያን ሁሉ ግዛት የያዘ ንጉሠ ነገሥት ጊዜውን የሚያጠፋበት ሌላ ባላጋራ አጣ ማለት ነው። እርስዎንም አልጨረሰዎትም።

ሮም ስትወድቅ ስንቱ የተከበረ ቃል አብሮ እንደወደቀ ያውቃሉ? ጀግና የሚቀመጥበት ፈረስ «ኤኩውስ» ይባል ነበር። እሱ ተፈንግሎ ቦታውን «ካባሉስ» የሚባል የተራ ጭነት ፈረስ ስም ወረሰው፤ የጣሊያኑ «ካቫሎ»፣ የስፔኑ «ካባዮ»፣ የፈረንሳዩ «ሸቫል» የእሱ ልጆች ናቸው። ጦርነት እንኳ፣ «ቤሉም» ተብሎ ያን ሁሉ አገር ያስገበረው፣ ከጀርመን ነገዶች አፍ በመጣ ቃል ተተክቶ በጣሊያን «ጉዌራ»፣ በፈረንሳይ «ጌር» ሆነ። እርስዎን ግን ማንም ንክች አላደረገዎትም። ጣሊያኑም፣ ስፔኑም፣ ፖርቱጋሉም «ሞስካ»፣ ሮማኒያው «ሙስከ» እያለ እስከ ዛሬ ይጠራዎታል። ሳያሽሞነሙን መናገር የማይሆንለት ፈረንሳይ ብቻ፣ ላም የነበረችውን «ቫካ» «ቫሽ»፣ አፍ የሆነችውን «ቡካ» «ቡሽ» ባለበት አፉ እርስዎን «ሙሽ» ብሎ አቆላመጠዎት። ሙሽራ ሊልዎ አንዲት ፊደል ቀረው!

ይህም አልበቃዎ ብሎ ሹመት ያዙ። ስፔኖች «ኢቶ» የምትባል ማሳነሻ ቀጥለው ትንኟን፣ ወባ አመላላሿን ዘመድዎን ማለቴ ነው፣ «ሞስኪቶ» አሏት፤ ትንሿ ዝንብ ማለታቸው ነው። እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስሟን እንዳለ ወሰዱ፤ ፈረንሳዮች ድምፁን አገለባብጠው «ሙስቲክ» አሉት። ጣሊያኖች ግን ለትንኝ «ዛንዛራ» የሚል የራሳቸው ስም ስለነበራቸው፣ እርስዎን አሳንሰው ያወጡትን «ሞስኬቶ» የሚሰጡት አጥተው ይመስላል ለጦር መሣሪያ ሰጡት። መጀመሪያ የሚወነጨፍ ፍላጻ ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ወደ ጠመንጃው ተዛወረ። አንዳንዱ ፍላጻው እንደ እርስዎ እያንዛረረ ስለሚበር ነው ይላል፤ ሌላው ደረቱ ላይ ዝንብ የሰፈረበት በሚመስል ዥጉርጉር ጭልፊት ስም ተጠርቶ ነው ይላል። በዚህም ይምጣ በዚያ ነገሩ እርስዎው ደጃፍ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያማ ፈረንሳዩ «ሙስኬ»፣ ስፔኑ «ሞስኬቴ»፣ ጀርመኑ «ሙስኬተ» እያለ አውሮፓ በስምዎ ሲታኮስ ኖረ። በ1622 እ.ኤ.አ. ሉዊ 13ኛ ይህንኑ ጠመንጃ ያነገበ የክብር ዘብ አቋቋመና «ሙስከቴር» ተባለ። በእኛ አገር መኳንንቱ እርስዎን የሚያባርሩበት ጭራ ይዘው ሲቀመጡ፣ እዚያ በስምዎ የሚጠራ ጦር ንጉሥ ይጠብቃል!

የፈረንሳይ ወይዛዝርትም አልቀሩም። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፊታቸው ነጣ ብሎ እንዲታይ ጥቁር የሐር ቁራጭ ጉንጫቸው ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ስሙም «ሙሽ» ነው። እነሱ ከፍለው የሚያስቀምጡትን እኔ ጉንጬ ላይ በነፃ ባገኘው፣ የማተርፈው ራሴን በጥፊ መምታት ነው። ያው «ሙሽ» ሰላይም ማለት ሆነ፤ ጆሮ ጠቢውንም «ሙሻር» አሉት። ይህችኛዋ ሹመት እንኳ ትገባዎታለች፤ ያልተጠሩበት ቤት ገብቶ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ወሬ መስማት ሙያዎ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የስዊድኑ ሊኔየስ ሥራ ነው። በ1758 እ.ኤ.አ. ፍጥረታትን ሲሰይም «ሙስካ ዶሜስቲካ» ብሎ መዘገበዎት፤ የቤት ዝንብ መሆንዎ ነው። ለመሆኑ የማን ቤት? ኪራዩን የምከፍለው እኔ፣ በላቲን የተመዘገቡት እርስዎ! በምድር ስለጠበበዎት ይመስላል፣ በደቡቡ ሰማይ ከ88ቱ የታወቁ ኅብረ ከዋክብት አንዱ ዛሬም «ሙስካ» ይባላል።

ስፔኖች «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ተረት አላቸው። እኛም ያንኑ እንላለን። ማን ከማን እንደሰማው አልከራከርም፤ የዝንብ ጠንጋራ አውቃለሁ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ምክሩ ግን ሻይ ለሚጠጣ ሰው ምን ይረባዋል?

ስለሆነም ክቡርነትዎ ጠመንጃዎንም፣ ዘብዎንም፣ ኮከብዎንም ይዘው በተከፈተው መስኮት በኩል እንዲሰናበቱኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በመስኮቱ ጥግ ለሚገኙት ለወይዘሮ ሸረሪት፣ አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድ