እርማት፦ የ«ጄኔቪቭ» ሙዚቃ ደራሲ ማቲሰን አይደለም

ወዳጄ፣ ስለ ስኮትላንዳዊው የኦርኬስትራ መሪ ስለ ሙየር ማቲሰን የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርምህ። «የጄኔቪቭን ሙዚቃ ደርሶ ለኦስካር ታጨ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው።

«ጄኔቪቭ» እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ የእንግሊዝ ኮሜዲ ነው። በጥንት መኪኖቻቸው ከብራይተን እስከ ለንደን የሚፎካከሩ ሰዎችን ያሳያል። ሙዚቃውን የደረሰውም፣ ሃርሞኒካውን (በአፍ የሚነፋውን ትንሽ መሣሪያ) የተጫወተውም አሜሪካዊው ላሪ አድለር ነው። ማቲሰን ኦርኬስትራውን መራ፣ በቃ። ታዲያ ኦስካሩ ጋ እንዴት ስሙ ገባ? አድለር ያኔ አሜሪካ ውስጥ በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ ሰዎች ይታደኑ ስለነበር፣ ሆሊውድ ሥራ እንዳያገኙ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ከቷቸው ከነበሩት አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በታየው ኮፒ ላይ ስሙን አወጡት። እጩነቱም በማቲሰን ስም ተመዘገበ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ይህን ያስተካከለው በ1986 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው! ፊልሙን ካገኘኸው ሃርሞኒካውን ልብ ብለህ ስማ። ሙዚቃው በሙሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

ይህን የምለው ማቲሰንን ለማሳነስ አይደለም። የእሱ ትልቁ ሙያ የታወቁ የሙዚቃ ደራሲዎችን አሳምኖ ወደ ፊልም ማምጣቱ ነው። እንግሊዛዊውን የሙዚቃ ደራሲ ቮን ዊሊያምስን የሚያህል ሰው በ1941 ለመጀመሪያ ጊዜ የፊልም ሙዚቃ የጻፈው በእሱ ግፊት ነው። በዳይሬክተር ሂችኮክ ፊልም በ«ቨርቲጎ»ም እንዳትሳሳት። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ሲሆን የመራው ግን ማቲሰን ነው፤ የአሜሪካ ሙዚቀኞች አድማ መትተው ስለነበር ቀረጻው ለንደንና ቪየና ተሠራ።