ገመናና ፎርም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን አንድ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የከተማችንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ሁላችንም ጋቢያችንን ተከናንበን ከሰሉን ከበናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል የቤቱ እናት ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ነው፤ ከቨርጂኒያ። ጓዳ ገብተው ትንሽ አወሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ጀበናውን አነሱና ሳይቀዱ መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ ጨንቆታል» አሉ።

የቅርብ ሰዎች ስለሆንን ነገሩን አልደበቁንም። እኔም የምጽፈው እሳቸው ስለፈቀዱልኝ ነው። «ስም እንዳታነሳ እንጂ ጻፈው፤ ይሄ የእኔ ቤት ችግር ብቻ አይደለም» ብለውኛል።

ልጁ ዲቪ ደርሶት ከሄደ 7 ዓመቱ ነው። መጋዘን ውስጥ ሌሊት እየሠራ፣ ቀን ቀን እየተማረ፣ ነርሲንግ ለመግባት የሚጠየቁትን ኮርሶች ጨርሷል። አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን። ውጤቱም ጥሩ ነው። አሁን ማመልከቻ እየሞላ ነው። ታዲያ አንድ ጥያቄ ላይ ቆሟል፦ «በወንጀል ጥፋተኛ ተብለህ ታውቃለህ?» ይላል። ከ4 ዓመት በፊት ከጓደኛው ሠርግ ሲመለስ ጠጥቶ ሲነዳ ፖሊስ ይዞት ነበር። እዚያ ያሉ ልጆቻችን «ዲዩአይ» የሚሉት ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱን ከፈለ፣ መንጃ ፈቃዱን ለ1 ዓመት ተነጠቀ፣ ስለ አልኮል የሚሰጠውን ትምህርት ተከታትሎ ጨረሰ። ለእናቱ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። የነገራቸው ገና በዚያ ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት የእናትየው ወንድም ናቸው።

«አሁን ይሄ ያስጨንቃል? የለም ብሎ ይለፈው! አልገደለ፣ አልሰረቀ። ትራፊክ ያዘው፣ ተቀጣ፣ አለቀ። ደግሞ የገዛ ገመናውን አደባባይ የሚያወጣ ሰው የት አለ?»

ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት በአይሱዙ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ደገፋቸው። «እውነታቸውን ነው። እኔ ትርፍ ጫንክ፣ ፈጥነህ ነዳህ ተብዬ ስንቴ ተቀጥቻለሁ? ቅጣት ቅጣት ነው። ከከፈልኩ በኋላ ማን ይጠይቀኛል?»

አንዲት ለእረፍት የመጣች የሰፈራችን ልጅ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ናት። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው» አለች።

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችን። እዚያ አገር በፍጥነት መንዳት ወይም የማይቆምበት ቦታ መኪና ማቆም ብዙውን ጊዜ ትኬት ነው። ብዙ ማመልከቻዎችም «ቀላል የትራፊክ ቅጣት አትጻፍ» ይላሉ። ጠጥቶ መንዳት ግን ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም። በአብዛኞቹ ስቴቶች ወንጀል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያው እንኳ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል። ቅጣቱ ከ250 ዶላር አያንስም። በደም ውስጥ ያለው አልኮል በ100 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ከደረሰ ሕግ ተጥሷል። ዩታ ብቻ ወደ 50 አውርዳዋለች። ሰው የተጎዳበት ወይም የተደጋገመ ከሆነ ደግሞ ወደ ከባድ ወንጀል ሊያድግ ይችላል።

«ታዲያ ማን ያውቅበታል?» አሉ ጋሼ አሁንም።

«ሁሉም ያውቃል» አለች። «ትምህርት ቤቱ ባይጠይቅ ሆስፒታሉ ይጠይቃል። ነርሲንግ በክፍል ብቻ አይማሩትም። ተማሪው ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ መንካት አለበት። ሆስፒታሉ ደግሞ ባክግራውንድ ቼክ የሚሉትን የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ያላለፈ፣ የዕፅ ምርመራ ያልሰጠ ተማሪ አላስገባም ይላል። ሆስፒታል ካልገባ ደግሞ ትምህርቱን አይጨርስም። ያንን ሁሉ አልፎ ቢመረቅ እንኳ ፈቃድ የሚሰጠው የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። በብዙ ስቴት አሻራ ይወሰዳል። አሻራው ኤፍቢአይ ወደሚባለው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ይሄዳል። የዛሬ 4 ዓመቷ ሌሊት ተጽፋ ትመጣለች።»

ቤቱ ዝም አለ። ከሰሉ ብቻ ይንጣጣል።

«እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ» ብላ ቀጠለች። «አብራኝ የተማረች ልጅ እንደዚሁ ነበረባት። የለም ብላ ሞላች። ሆስፒታል ልንገባ ሳምንት ሲቀረን ወረቀቱ መጣ። ያባረሯት ስለጠጣች አይደለም። የለም ብላ ስለፈረመች ነው። ኃላፊዋ ፊት ለፊታችን ነው የነገረቻት፤ "ብትነግሪን ኖሮ እናይልሽ ነበር" አለቻት። የከፈለችውም ገንዘብ አልተመለሰላትም።»

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ጋሼ ግን አልለቀቁም። ጠበቃ ይዞ መዝገቡን ያሰርዝ አሉ። እሷም ይሄ እንደየስቴቱ ይለያያል አለች። አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ አይሰረዝም። ተሰረዘ ቢባል እንኳ አንዳንድ ቦርዶች የተሰረዘውንም ጻፉ ይላሉ። የዜግነት ማመልከቻውም ታስረህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ወረቀት ላይ «የለም»፣ ሌላው ላይ «አዎ» ያለ ሰው ሁለቱንም ወረቀት ያበላሻል። ይሄኛው ነገር እኔንም ገርሞኛል። ብዙ ቤተሰብ አንዱን ፎርም ከሌላው ለይቶ ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ አንድ መምህር ወዳጃችን ተቆጣ። «ይሄማ ፍትሕ አይደለም» አለ። «ሰው ላንድ ጥፋት ስንት ጊዜ ይቀጣል? ፍርድ ቤት ቀጣው። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት። አሁን ደግሞ ትምህርት ሊከለክሉት? የ23 ዓመት ልጅ ያጠፋው ጥፋት ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ነው?»

እውነት አለው። እንግዳዋም አልካደችውም። እዚያም ይሄንኑ የሚሉ አሉ አለች። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከ2020 ጀምሮ ፈቃድ የሚጠይቀውን ሰው የወንጀል ታሪክህን ራስህ ጻፍ ማለት ትታለች፤ አሻራ ግን ትወስዳለች። ቴክሳስ ደግሞ ሰው ትምህርቱን ሳይጀምር ወይም እየተማረ ሳለ «ይሄ ነገር አለብኝ፣ ፈቃድ ትሰጡኛላችሁ ወይ?» ብሎ ቦርዱን አስቀድሞ የሚጠይቅበት መንገድ አላት። ዓመታት ለፍቶ በሩ ላይ ከመመለስ ያድናል።

ጡረታ የወጡ አንዲት ሲስተር አሉ። በዚህ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። እሳቸው መምህሩን በዓይናቸው ገላመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ሞርፊን የሚባለው ብርቱ ማስታገሻ ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ? ቁልፉ የሚያድረው ነርስ ኪስ ውስጥ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሐኪሙ ተኝቷል፣ አስታማሚው ተኝቷል፣ ነቅታ ያለችው እሷ ብቻ ናት። መድኃኒቱን የምትሰፍረው እሷ ናት። እና ይቺ ሰው መጠጥ ላይ እንዴት ናት ብሎ መጠየቅ ክፋት ነው? እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ግን ጠይቄ መልሱን እሰማለሁ። ሳልሰማ በር አልዘጋም።»

ቅድም ከተናገረ ወዲህ ዝም ብሎ የነበረው ሹፌር ቀና አለ። «ጣርማ በር ላይ» አለ። ጣሊያን ያስቆፈረውን ዋሻ ማለቱ ነው። ጉም ሲወርድ የፊት መብራት እንኳ አያሳይም። «ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ከዋሻው እንደወጣሁ አንድ የጭነት መኪና የእኔን መስመር ይዞ መጣ። ሰው ሞልቼ ነበር። ወደ ተራራው ተጠጋሁና ተረፍን። ሹፌሩን ስናወርደው አረቄ አረቄ ይሸታል። መቆም አልቻለም።» ትንሽ ቆየና «ቅድም ቅጣት ቅጣት ነው ያልኩትን ትቼዋለሁ» አለ።

እናትየው ይሄን ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው ለእንግዳዋ ሰጧት። ልጁ በቴሌግራም የላከው ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዘውን ማብራሪያ በአማርኛ ሞክሮት ነበር፤ እናቱ እንዲያዩለት። የስልኩ መስታወት ተሰንጥቋል። እንግዳዋ እያዘነበለች አነበበችልን። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሠርግ ላይ ጓደኞቼ ጠጣ ጠጣ ብለው አስገደዱኝ፤ ቤቴም ቅርብ ስለነበር...»

«ይሄን ያውጣው» አሉ ሲስተር ሳትጨርስ።

«ለምን? እውነቱ እኮ ነው፤ የእኛ ሰው ሲጋብዝ ያስገድዳል» አሉ ጋሼ።

«ይሁና። እንዲነዳ ግን ማንም አላስገደደውም።»

እንግዳዋም በዚሁ ተስማማች። ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች የሚያዩትን ዘረዘረችልን። ስንት ጊዜ ሆነው? አንዴ ነው ወይስ ተደጋገመ? ሰው ተጎዳ? ከዚያ ወዲህ ምን አደረገ? አሁንስ እውነቱን እየነገረን ነው? ስለዚህ ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀኑ፣ የሆነው፣ የተፈረደው፣ የተፈጸመው፣ ዛሬ ያለበት ሁኔታ። ከሥሩ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭና የአልኮል ትምህርቱ ማጠናቀቂያ ወረቀት ይያያዛል። የሚያውቀው አለቃ ወይም መምህር ቢጽፍለት ደግሞ ጥሩ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄውን ቃል በቃል ያንብበው አለች። አንዱ ትምህርት ቤት «ተፈርዶብህ ታውቃለህ?» ይላል፣ ሌላው «ተከሰህ ታውቃለህ?»፣ ሌላው «ተይዘህ ታውቃለህ?» ይላል። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ጭራሽ የማይጠይቅም አለ። ያልተጠየቁትን መዘርገፍ አያስፈልግም። የተጠየቁትን ግን መሸሽ አይቻልም።

የልጁ እናት እትዬ በመጨረሻ የተናገሩት ከሕግም ከፎርምም ውጭ ነበር። «ሰው ቢሰማስ? እዚያ ያሉት የአገራችን ልጆች፣ ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙት፣ ቢሰሙበት ምን ይሉታል?» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያን ሁሉ ክርክር ስንከራከር እሳቸው ሲያስቡ የነበሩት ይሄንን ነው።

አሁን የእኔን ልናገር። እኔ ከሲስተርና ከእንግዳዋ ጋር ነኝ። ጋሼን ግን ክፉ ሰው አላደርጋቸውም። ያደጉት ገመና በሚሸፈንበት ቤት ነው፤ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። የጎረቤትን ጉድ አይቶ እንዳላየ ማለፍ፣ የቤትን ነገር ከደጅ አለማውጣት ደግ ነገር ነው። ስንት ትዳርና ስንት ልጅ አትርፏል። ነገር ግን ይሄ ለጎረቤት ነው እንጂ ለሚፈረምበት ወረቀት አይሆንም። ፎርሙ ሐሜተኛ አይደለም። የጠየቀው ሰው ነገ የታመመ እናት አልጋ አጠገብ ማንን እንደሚያቆም ማወቅ ይፈልጋል። ያንን የመጠየቅ መብት አለው።

የመምህሩ ቁጣ ደግሞ ከልቤ አልወጣም። አንዴ ያጠፋ፣ ማንንም ያልጎዳ፣ ከዚያ ወዲህ 4 ዓመት ንጹሕ የኖረ ልጅ ጭራሽ አይታይም የሚል ትምህርት ቤት ካለ በደል ይመስለኛል። በደሉን የምንታገለው ግን እውነቱን ይዘን ነው። የለም ብሎ የፈረመ ልጅ ነገ ይግባኝ የሚልበት አፍ የለውም።

በጣም ያሳዘነኝ ፎርሙ አይደለም። 4 ዓመት ሙሉ ለእናቱ ሳይናገር መኖሩ ነው። ቅጣት ሲከፍል፣ ያለ መኪና በበረዶ ሥራ ሲመላለስ፣ በየሳምንቱ ስልክ እየደወለ «ሁሉ ሰላም ነው» ሲል ነበር። እኛ ነን እንዲህ ያስተማርነው። ከውጭ ስልክ ሲደወል ደህና ነኝን ብቻ መስማት እንፈልጋለን። ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄንን እባካችሁ አስቡበት። ልጁ ለእናቱ መናገር ከቻለ ለትምህርት ቤቱ መናገር አይከብደውም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት እትዬን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጁ የፍርድ ቤቱን ግልባጭ ጠይቋል። ደብዳቤውንም እንደገና ጽፎ ልኮላቸዋል። አሁን «በዚያ ሌሊት ጠጥቼ ነዳሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጓደኞቹ የሉበትም።

ጋሼ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ባገኙኝ ቁጥር «ልጁን አጋለጣችሁት» ይሉኛል። እኔም በአክብሮት፣ ከመፈረሙ በፊት ስለተነጋገርን ደስ ብሎኛል እላቸዋለሁ።