«ድፈር» ማለት ለምን አይበቃም

«ድፈር። ስትለምደው ይለቅሃል።» ሰው ፊት መናገር ለሚያስጨንቀው ወዳጃችን የምንሰጠው ምክር ይኸው ነው። በቅንነት ነው የምንለው። ግን በየሳምንቱ ስብሰባ የሚገባ፣ በየቀኑ ከሰው ጋር የሚሠራ ሰው ከዓመታት በኋላም በዋዜማው እንቅልፍ የማይወስደው ለምንድን ነው? መልመድ ብቻውን ቢያድን ኖሮ ይህ ሰው ድሮ በዳነ ነበር።

ይህ የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ይባላል፦ ሰዎች ይታዘቡኛል ብሎ ከልክ በላይ መፍራት። ዓይን አፋርነት አይደለም። ዓይን አፋር ሰው መጀመሪያ ይሽኮረመማል፣ ሲላመድ ይፍታታል። ሕመሙ ግን ወራትና ዓመታት ይዘልቃል። ትምህርት ያስተጓጉላል፣ ሥራ ያሳጣል፣ ከሰው ይለያል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ13 ዓመት ገደማ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ቤተሰብም «ጨዋ ልጅ» እያለ ያሞግሰዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በሕመሞች መዝገቡ ውስጥ ያሰፈረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በ1995 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ የተባሉ የእንግሊዝ ሳይኮሎጂስቶች ጥሩ ማብራሪያ አቅርበዋል። ሰውዬው ስብሰባ ሲገባ ዓይኑ ወደ ውጭ አያይም። ሐሳቡ ሁሉ ወደ ራሱ ይዞራል። ልቤ እየመታ ነው፣ ፊቴ ጋለ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የሚሰማውን ሁሉ ሌሎችም የሚያዩት ይመስለዋል። የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ግን አላየም።

ሁለተኛው ነገር መሸሸጊያ ዘዴዎቹ ናቸው። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብርጭቆውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከመናገሩ በፊት በልቡ ይለማመዳል። ስልኩን ይነካካል፣ ቶሎ ቶሎ ተናግሮ ይጨርሳል። ስብሰባው በሰላም ሲያልቅ ምስጋናው ለዘዴው ይሄዳል፦ «ዛሬ የተረፍኩት በልቤ ስለተለማመድኩ ነው።» ፍርሃቱ እውነት ይሁን ውሸት ሳይፈተን ያልፋል። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ዘዴዎቹ የተፈራውን ነገር ራሳቸው መጥራታቸው ነው። አጥብቆ የተያዘ ብርጭቆ የበለጠ ይንቀጠቀጣል። በልቡ የሚለማመድ ሰው ጨዋታው ያመልጠዋል፣ ሰዎችም «ኩሩ ነው» ይሉታል። ማታ ደግሞ የተናገረውን ሁሉ እያነሳ እየጣለ ራሱን ሲከስ ያድራል።

ስለዚህ ሕክምናው ሰውን ገፍቶ ማስገባት አይደለም። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ በሚባለው የንግግር ሕክምና ታካሚው ከማያውቀው ሰው ጋር ሁለት ጊዜ እንዲያወራ ይደረጋል። አንዴ ዘዴዎቹን ሁሉ ይዞ፣ ሌላ ጊዜ ጥሏቸው ዓይኑን ወደ ሰውየው መልሶ። የትኛው ቀለለው? ቪዲዮም ይቀረጻል። ከማየቱ በፊት ምን እንደሚያይ ይናገራል፤ «ፊቴ ቲማቲም መስሎ፣ ላብ አጥምቆኝ» ይላል። ከዚያ ራሱን እንደ ባዕድ ሰው ይመለከታል። ብዙዎች የሚያዩት የጠበቁትን ሰው አይደለም። ሌላ ቀን ሆን ብሎ ንግግሩን አቋርጦ ዝም ይላል፣ ወይ ውኃ ያፈሳል፤ ምን እንደሚፈጠር ለማየት። ድፍረት የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

መድኃኒትም አለ። ሰርትራሊንና ኤሲታሎፕራም ብዙ ሰው ረድተዋል። ግን ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፣ ሐኪም ሳያማክሩም በድንገት አይቆሙም። እንደ ዳያዜፓም ያሉት ቶሎ የሚያረጋጉ ክኒኖች ሱስ ያስይዛሉ። «ትንሽ ቀምሼ ልግባ» የሚባለው መጠጥም ሌላ መሸሸጊያ ነው፣ ውሎ አድሮ የራሱን በሽታ ያመጣል።

እኛ ቤተሰብና ጓደኞችም የመሸሸጊያው አካል ሆነናል። ስልክ እናነሳለታለን፣ ሲጠየቅ እንመልስለታለን፣ «እሱ አይመቸውም» ብለን ከግብዣ እናስቀረዋለን። ከፍቅር ነው። ግን ቢቻል በእሱ ፈንታ ከመናገራችን በፊት «ምን ይፈጠራል ብለህ ነው የፈራኸው?» ብለን እንጠይቀው። ሲመለስም «ያልከው ሆነ?» እንበለው።

አንድ ነገር ግን ከቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ብዙ ታካሚዎች እርዳታ ሳያገኙ ዓመታት ያሳልፋሉ። ለምን? ለመታከም የማያውቁትን ሰው ደውለው ማናገር አለባቸው፣ ከዚያ በሰው በተሞላ አዳራሽ ተቀምጠው ስማቸው ጮክ ብሎ እስኪጠራ ይጠብቃሉ። በሩ ራሱ የሕመሙ ፈተና ነው። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን አስቦበታል። ከታካሚው ጋር እሱ በመረጠው መንገድ፣ በጽሑፍ መልእክትም ቢሆን ተገናኙ ይላል። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ቅጠሩት፣ ከፈለገ ለብቻው ወይም ከግቢው ውጭ ይጠብቅ ይላል። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። አንድ የስልክ መስመርና መልእክቱን አንብቦ የሚመልስ አንድ ሠራተኛ ይበቃል።