ኤስኤቲ ተመለሰ? እሰየው!

ፕሪንስተን በኦክቶበር 2025 ያሳወቀውን ሰምታችኋል። ከ2027-28 የማመልከቻ ዙር ጀምሮ የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ ውጤት እንደገና ግዴታ ነው። ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበሩት ልጆች የመጀመሪያዎቹ ይሆናሉ ማለት ነው። ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድ፣ ኮርኔልና ፔን ቀድመው ወስነዋል። ዬል ኤፒ እና አይቢ የሚባሉትን የከፍተኛ ኮርሶች ፈተና ውጤትም ይቀበላል እንጂ ያለ ፈተና አያስገባም። አይቪ ከሚባሉት ከስምንቱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች "ከፈለግክ ላክ፣ ካልፈለግክ ተወው" የሚለው ኮሎምቢያ ብቻ ቀረ።

እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ። ያናደደኝ ከውሳኔው በኋላ እዚህ አሜሪካ ባለን በኛ ሰው መሀል የተነሳው ለቅሶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሂዱ፣ ካፌ ተቀመጡ፣ የወላጆችን የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፤ ወሬው አንድ ነው። "በሩን ዘጉብን።" አንድ የተማሩ፣ እኔም የማከብራቸው አባት "ይህ ፈተና ለሀብታም ልጅ የተሠራ ነው፤ የኛ ልጆች በእንግሊዝኛው ይወድቃሉ" ብለው ጻፉ። ከስር ያለው ሁሉ "እውነት ነው" "ልክ ብለዋል" እያለ ተደረደረ። አንድ ሰው እንኳ "ቆይ፣ ፈተናውን አይተውታል ወይ?" ብሎ አልጠየቀም።

እኔ ልጠይቅ። አይተውታል ወይ?

ኤስኤቲ አሜሪካ ውስጥ ከማርች 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር ነው የሚሰጠው። ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። ከ1600 ነጥብ 800ው ሂሳብ ነው፤ ካልኩሌተሩም እዚያው ስክሪኑ ላይ አለ። ንባቡ ድሮ እንደምናውቀው ገጽ ሙሉ አይደለም። ከ25 እስከ 150 ቃላት ያላት አጭር ጽሑፍ ትሰጥሃለች፣ ከሥሯ አንድ ጥያቄ አለ፣ መልስህን መርጠህ ታልፋለህ። በእንግሊዝኛው የሚፈራ ልጅ ካለ ሊፈራ የሚገባው ሌላውን ነው። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ ላይ፣ እስከ 650 ቃላት ድረስ ስለራስህ ጻፍ ይሉሃል። እሱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ተጨማሪ ጽሑፎች ይጠይቃል። ያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ቀልድና ለዛ ባለው፣ አንባቢን በሚይዝ እንግሊዝኛ። በ14 ዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ የትኛው ይከብደዋል? ከአራት ምርጫ አንዱን መምረጥ ወይስ እዚህ ተወልዶ፣ ቤቱ በመጽሐፍ ተሞልቶ ካደገ ልጅ ጋር በድርሰት መወዳደር? ፈተናው ሲነሳ ድርሰቱ አልተነሳም። ክብደቱ ጨመረ እንጂ! ይህንን ነው ለልጆቻችን ውለታ ብላችሁ የምታወሩልን?

"ሀብታም አስጠኚ ይቀጥራል" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይቀጥራል። የፈተና ውጤት ከቤተሰብ ገቢ ጋር አብሮ እንደሚወጣ እኔም አልክድም። ግን እስቲ ከገቢ ጋር አብሮ የማይወጣ አንድ ነገር ከማመልከቻው ውስጥ አሳዩኝ። ድርሰቱን የሚያርም አማካሪ በገንዘብ ይገዛል። የጀልባ ቀዘፋው፣ ሻሞላው፣ የበጋው የምርምር ካምፕ በገንዘብ ይገዛል። ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ እንኳ የሚጻፈው አንድ ካውንስለር (የትምህርት ቤት አማካሪ) ለጥቂት ልጆች በሚደርስበት ውድ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ በኛ ሰፈር ካውንስለሩ የልጅህን ስም በወጉ መጥራት ከቻለ እድለኛ ነህ። ለፈተናው ግን ካን አካዳሚ በሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ ከ2015 ጀምሮ በነጻ መዘጋጀት ይቻላል። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ልጅ ሁለቴ በነጻ ይፈተናል፣ ውጤቱንም ለኮሌጆች በነጻ ይልካል። ነጻ የድርሰት አማካሪ፣ ነጻ ጀልባ ያየ ይንገረኝ።

ደግሞ ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2023 ባወጡት ጥናት አይቪዎቹንና ስታንፎርድን፣ ኤምአይቲን የመሳሰሉትን 12 ኮሌጆች መርምረዋል። እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መሀል ከላይኛው 1 በመቶ ሀብታም ቤት የወጣው ከመካከለኛ ገቢ ቤት ከወጣው ይልቅ እዚያ የመማር እድሉ ከእጥፍ በላይ ነው። እኩል ውጤት እያላቸው! ልብ በሉ። ያበላለጣቸው ለቀድሞ ተማሪ ልጅ የሚሰጠው ቅድሚያ፣ ለስፖርተኛ የሚያዘው ቦታና ከትምህርት ውጭ ላሉ ነገሮች የሚሰጠው ነጥብ ነው። ፈተናው እኩል ያደረጋቸውን ልጆች ሌላው ሁሉ ለያያቸው። እኛ ግን የምንጮኸው በፈተናው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ ምክንያቱም ስለሱ የሚያወራ አላየሁም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ "እገባለሁ ወይስ አልገባም?" ብሎ ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚያየው የኮሌጁን የውጤት መጠን ነው። ኮሌጆች ካስገቧቸው ተማሪዎች የመካከለኛው ግማሽ ውጤት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ያወጣሉ። ከ2020 በፊት ቁጥሩ ትርጉም ነበረው፤ የገባው ሁሉ ተፈትኖ ነው የገባው። ኮቪድ መጥቶ መላክ በፈቃድ ሲሆን ቁጥሩ የላኩትን ብቻ የሚያሳይ ሆነ። 1550 ያለው ይልካል። 1420 ያለው ይደብቃል። ስለዚህ የሚወጣው መጠን ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ዓመት 1480 ያለው ልጅ ያንን ያይና እሱም ይደብቃል። መጠኑ እንደገና ከፍ ይላል። ኮሌጁ ውስጥ በ1400ዎቹ ገብተው በደህና የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ከወረቀቱ ላይ ግን ጠፍተዋል። ልጃችን ስልኩን ይዞ እኩለ ሌሊት ላይ እድሉን የሚያሰላው በዚህ በተዛባ ቁጥር ነው። ጂፒኤህን (የትምህርት ቤት አማካይ ውጤትህን)ና የፈተና ውጤትህን አስገባ፣ እድልህን በመቶኛ እንነግርሃለን የሚሉት ድረ ገጾችም የሚመገቡት ከዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት ማመልከቻዋን ስትሞላ አጠገቧ የተቀመጥኩላት ልጅ አለች። አባቷ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፣ እናቷ አረጋውያን ትንከባከባለች። ኤስኤቲ 1410 አመጣች። በትምህርት ቤቷ 1100 ያመጣ ጎበዝ ይባላል። ስልኳን አወጣችና የኮሌጁን ገጽ ከፈተች። ከ1500 እስከ 1560 ይላል። በጣቷ ቁጥሩን እያሳየችኝ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ከታች ነኝ። ካውንስለሬም አትላኪ ብላኛለች" አለች። ላኪ አልኳት። ከትምህርት ቤትሽ ተማሪ ሁሉ በልጠሽ ነው ይህንን ያመጣሽው፣ እነሱም ይህንን ያያሉ አልኳት። ካውንስለሯን ሰማች፤ አልፈርድባትም። "ውጤቴ ይታይልኝ?" የሚለው ጥያቄ ላይ "አይ" የምትለውን ነካች፣ አልፋ ሄደች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር በአንድ ጣት ጠፋ። አልገባችም። ብትልክ ትገባ እንደነበር መቶ በመቶ ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን አንባቢዎቹ ከፊታቸው የነበረው ሌላ ብዙ ልጅም ያለው 4.0 ጂፒኤ እና አንድ ድርሰት ብቻ እንደነበር አውቃለሁ።

የዳርትማውዝ አራት ፕሮፌሰሮች ያገኙት ይህንኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው በፌብሩዋሪ 2024 ፈተናውን የመለሰው በነሱ ጥናት ተመርኩዞ ነው። በ1400ዎቹ ውስጥ ያመጡ፣ ከአነስተኛ ገቢ ቤት የወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ አመልካቾች ውጤታቸውን ደብቀዋል፤ ቢልኩት ይጠቅማቸው ነበር። ምክንያቱም የቅበላ ቢሮው 1410ን ብቻውን አያነበውም። ከየት ትምህርት ቤት፣ ከየት ሰፈር የመጣ 1410 እንደሆነ አብሮ ያያል። ኤምአይቲም በማርች 2022 ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ ፈተናውን ሲመልስ የሰጠው ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ ከፍ ያሉ ኮርሶች በሌሉበት ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅን ያለ ፈተና መለየት አስቸገረኝ አለ። ታዲያ የተጎዳው ማን ነበር? የሀብታሙ ልጅማ አማካሪው መቼ ላክ፣ መቼ ደብቅ እንደሚባል ያውቅለታል። የተጎዳችው የፓርኪንግ ሠራተኛው ልጅ ናት። ያውም "ለሷ ሲባል" በተደረገ ነገር! ይህንን አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብላችሁ አይታችሁ ዛሬ "በሩን ዘጉብን" ስትሉ ደሜ ይፈላል።

"ጂፒኤ ይበቃል" የሚሉም አሉ። አይበቃም። ዛሬ 4.0 የሌለው ማን ነው? ካሊፎርኒያን እዩ። ዩሲ የሚባሉት የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለቅበላ ፈተናውን ጨርሶ አያዩም። በኖቬምበር 2025 የወጣው የዩሲ ሳንዲያጎ መምህራን ሪፖርት ምን አለ? ከአዲስ ገቢዎቹ ከ8ቱ የ1ዱ ያህል የሂሳብ ችሎታ ከሃይስኩል ደረጃ በታች ነው አለ። እነዚህ ልጆች ሃይስኩል ሳሉ በሂሳብ ጥሩ ውጤት ይዘው ነው የመጡት። ማንም "ልጄ፣ ገና ነህ" አላላቸውም። ውጤት እየታደለ የመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአንደኛው ሴሚስተር ሲወድቅ ምን እንደሚሰማው፣ ከኢንጂነሪንግ ወጥቶ ሌላ ሲፈልግ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚሆን፣ በዲኤምቪ (ዋሺንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ያለን ብዙዎቻችን በአይናችን አይተናል። ለዚያ ልጅ ደግነቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ እውነቱን መንገር ነበር።

ኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያመለክት ልጅ ነገሩ እንደሚለይ አምናለሁ። የፈተና ጣቢያ ጥቂት ነው፣ ክፍያው በዶላር ነው። ለሱ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሰፋ ያለ መንገድ ሊያበጁለት ይገባል። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተቀምጦ በሱ ስም ማልቀስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወላጆች፣ የምር ልጆቻችሁን ማስገባት ከፈለጋችሁ በየቤቱ የሚዘጉትን በሮች ልንገራችሁ። አንደኛው "ክፍያውን አንችለውም፣ አታመልክት" የሚለው የናንተ ቃል ነው። ፕሪንስተን በኦገስት 2025 እንዳሳወቀው የቤተሰብ ገቢ እስከ 150,000 ዶላር ከሆነ ብዙው ቤተሰብ ለትምህርት፣ ለመኝታም ለምግብም አይከፍልም። ሃርቫርድ ገቢው እስከ 100,000 ለሆነ ተመሳሳይ አድርጓል። ኡበር እየነዱ ልጃቸውን ከነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስቀሩ አባቶች አሉ፣ በአካባቢው ካለው ኮሌጅ ያነሰ ሊከፍሉ እንደሚችሉ ሳያውቁ። ሌላው ልጆቹ ራሳቸው ባዶ የሚተዉት ቦታ ነው። ኮመን አፕ ላይ አሥር የእንቅስቃሴ መስመር አለ። እናቷን ክሊኒክ ይዛ ሄዳ የምትተረጉምላት፣ ወንድሟን ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ መግባ፣ የቤት ሥራ የምታሠራ ልጅ "እኔ ምንም አላደርግም" ብላ ሦስት መስመር ሞልታ ትልካለች። የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምርጫ እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ አለ። አስገቡት!

ፈተናውን ደግሞ ከነገ ጀምሩት። ቅዳሜ ለአማርኛና ለመዝሙር የሚከፈተው አዳራሽ ለሁለት ሰዓት ሂሳብ ቢከፈት ምን ይጎድላል? መሐንዲሶች አሉን፣ የሂሳብ አስተማሪ የነበሩ አባቶች አሉን፣ በፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ካልኩለስ የሚያስታውሱ ሰዎች አሉን። 

የግድ በፕሪንስተን ላይ መጮህ ካማራችሁም ጥያቄው አለላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ፈተናውን ሲመልስ ለቀድሞ ተማሪ ልጅ የሚሰጠውን ቅድሚያ አልተወም፤ በተወሰነ ሁኔታ እንደያዘው ነው። ሜሪላንድ በ2024 ይህንን በሕግ ከልክላለች፣ የግል ዩኒቨርሲቲዎችንም ጨምራ። ቨርጂኒያ የከለከለችው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ስንት ሺህ ድምፅ እንዳለን በየምርጫው የሚመጡት ፖለቲከኞች በደንብ ያውቁታል። አባቱ እዚያ ስለተማረ ብቻ የሚቀደም ልጅ እያለ ፈተና ላይ የሚነሳ ፔቲሽን እኔ አልፈርምም። ይህኛውን አምጡልኝ፣ ዛሬ እፈርማለሁ።