ዋይፋያችን ምን ነካው?

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስልካቸውን እንደ ክስ ማስረጃ ወደ እኔ ዘርግተዋል።

"ልጄ፣ ዋይፋያችን ዛሬ ምን ነካው? ቪዲዮው እየቆመ አስቸገረኝ እኮ።"

ዋይፋያችን! የምከፍለው እኔ። ሲበላሽ ነቅዬ የምሰካው እኔ። እሳቸው ግን መጨረሻው ላይ "ችን" ጨመሩና የጋራ አደረጉት። ፓስወርዱን መቼ እንደሰጠኋቸው አላስታውስም። ጭራሽ ላልሰጣቸውም እችላለሁ። የእኔ አፍ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይቅርታ ጋሼ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ።" ይቅርታ ጠየቅሁ! በገዛ ዋይፋዬ!

"የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ" የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። "ደረቅ" እና "ያደርቅ" እንዴት ቤት እንደሚመቱ እዩልኝ። የደረቀው ዓይን የእሱ ነው፤ የሚደርቀው ልብ ግን የባለቤቱ። በስድስት ቃል ሙሉ ችሎት ነው። ጋሼን ሌባ አላልኩም እንግዲህ። ተረቱን ስለምወደው ነው ያነሳሁት።

ብቻ በሩን ዘግቼ ራውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ገልብጬ ከሆዱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አነበብኩ። 192.168.1.1 ትላለች። ብሮውዘሩ ላይ ጻፍኩ። የተጠቃሚ ስም አድሚን፣ ፓስወርድ አድሚን። ገባሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም እንደዚሁ መግባት ይችል ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ፓስወርዱ ሁለት ነው። አንዱ ወደ ዋይፋዩ የሚያስገባው ነው፤ ያ የቤት ቁልፍ ነው። ሌላው ወደ ራውተሩ ሴቲንግ የሚያስገባው ነው፤ ያ ቁልፍ ቀራጩ ራሱ ነው። እኛ ቁልፉን ትራስ ሥር ደብቀን፣ ቁልፍ ቀራጩን በር ላይ አስቀምጠን እንተኛለን። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ የተጫወተው በዚሁ ነው። ይዞት የዞረው የረቀቀ ጥበብ አልነበረም። ፋብሪካ የሰጣቸው ስምና ፓስወርድ ዝርዝር ነበር፤ ስድሳ ገደማ ጥንድ። አድሚን አድሚን፣ ሩት ሩት እያለ የደህንነት ካሜራውንም ራውተሩንም በር ሲያንኳኳ፣ መዓት ቤት ከፈተለት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እነዚያን ዕቃዎች አሰልፎ የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ወደ አድራሻው የሚመራንን ዳይን የተባለውን ድርጅት ሲያጥለቀልቀው፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም "ፓስወርድ ቀይሩ!" አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ እንኳ ከጅቡም ከውሻውም ዘግይቼ፣ ይኸው ዛሬ ቀየርኩ።

ቀጥሎ የተገናኙ ዕቃዎችን ዝርዝር ከፈትኩ። ባልከፈትኩት። እኛ ቤት አምስት ዕቃ አለ። ዝርዝሩ አሥራ አራት ይላል። ስልኩን ይሁን ብዬ አለፍኩት። አንዱ ግን ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን! እኛ ቤት ከዋይፋይ የሚገናኝ ቴሌቪዥን የለም። ሰው በእኔ መስመር ፊልም ተዘርግቶ ያያል፤ እኔ ለአንዲት ኢሜይል ክቧ ስትሽከረከር እያየሁ እጠብቃለሁ። እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀ። ነገሩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። ከዚህ ቤት የሚወጣ ሁሉ ለውጭው ዓለም በአንድ አድራሻ ነው የሚታየው። አንዱ ነገር አበላሽቶ ቢጠየቅ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ያን ጊዜ "ዋይፋያችን" የሚል ጎረቤት አይገኝም። "ዋይፋይህ" ይሆናል።

ተናድጄ የደህንነት ዓይነት የሚለውን ከፈትኩ። ዌፕ፣ ደብሊው ፒ ኤ፣ ደብሊው ፒ ኤ 2፣ ደብሊው ፒ ኤ 3 ተደርድረዋል፤ በአየር የሚያልፈውን የሚመሰጥሩ ዘዴዎች ናቸው። ዌፕ በ1997 ሲመጣ "በሽቦ የተገናኛችሁ ያህል ምስጢራችሁ ይጠበቃል" የሚል ስም ይዞ ነው። በ2001 የምስጠራ ሊቃውንት ስንጥቁን አሳዩ። በ2007 ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚሰበር ታየ። አሁንም ግን ምርጫው ውስጥ ተቀምጧል፤ ጡረታ ወጥቶ ቢሮ መምጣት እንዳልተወ ሠራተኛ። የ2004ቱን 2 ወይም የ2018ቱን 3 መምረጥ ነው። እኔ ሁለቱን የቀላቀለውን መረጥኩ፤ አሮጌው ላፕቶፔ 3ን አያውቅም።

ደብሊው ፒ ኤስ የምትባለው ቁልፍ ግን ለብቻዋ ታስቃለች። ፓስወርድ መጻፍ ለታከተው ሰው የተሠራች ናት፤ ስምንት አሃዝ ያለው ፒን አላት። ስምንት አሃዝ መቶ ሚሊዮን ሙከራ ይመስላል አይደል? ራውተሩ ግን ፒኑን ለሁለት ከፍሎ "የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፣ ቀጥል" እያለ ይመራሃል። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ናት። በ2011 አንድ ተመራማሪ ቆጥሮ ቢያየው፣ መቶ ሚሊዮኑ አሥራ አንድ ሺህ ሆኖ ተገኘ። ሌባውን "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ" የሚል ዘበኛ በሉት። ዘጋኋት።

የኮምፒውተር ነገር አውቃለሁ የሚል ወዳጄ ደወለና "የኔትወርኩን ስም ደብቀው" አለኝ። አልደበቅኩም። በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም የሚታይ ነገር ምኑ ይደበቃል? ይባስ ብሎ ስልክህ የተደበቀውን ለማግኘት በሄደበት ሁሉ ስሙን እየጠራ "አለህ ወይ?" ይላል። እንዲህ ያለ ድብብቆሽ ልጆችም አይጫወቱት።

ፓስወርድ ከተነሳ አንድ የቆየ ቂም አለኝ። ድሮ የምሠራበት ቢሮ በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ያስቀይረን ነበር። አንድ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምልክት፤ ከበፊቱ የተለየ። እኔ የልጄን ስም ጻፍኩና 1 ጨመርኩ። ሦስት ወር፣ 2። ሦስት ወር፣ 3። ስለቅ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሼ ነበር። ጓደኞቼ ስክሪናቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው ይጽፉት ነበር። የዚህን መከራ ምንጭ ያወቅሁት ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው። በ2003 በአሜሪካ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው የጻፈው መመሪያ ነው። ስሙ ቢል በር ይባላል። ከእኔ የመጣ ቀልድ አይደለም፤ በር ነው ስሙ። በ2017 ተቋሙ መመሪያውን ሲያድስ በየጊዜው አስቀይሩ፣ ምልክት ጨምሩ የሚለውን ተወው። ርዝመት ይሻላል አለ። አቶ በርም ጡረታ ላይ ሆኖ በአብዛኛው እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናገረ። ተጸጸተ! አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያስለወጠኝ ሰው ተጸጸተ። እኔ ይቅር አላልኩም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ርዝመት። የዋይፋይ ፓስወርድ ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቀድለታል። ታዲያ ረጅም፣ የማልረሳው፣ ከልቤ የምወደው ምን አለኝ? ተረቴ! "የሌባ ዓይነ ደረቅ" ከነመጨረሻው።

ችግሩ ፓስወርዱ በእኛ ፊደል አይጻፍም፤ በላቲን ነው። ጻፍኩት፤ ሠላሳ ፊደል ገደማ ሆነ። ቤተሰቡን ሰብስቤ በኩራት ነገርኳቸው።

"'ደረቅ' በኬ ነው በኪው?" አለች ልጄ።

"'ዓይነ' ላይ ዋይ አለ? ወይስ በአይ ነው?" አለ ወንድሟ።

ባለቤቴ ደግሞ "'ልብ' መሃሉ ላይ ምን አደረግህ?" አለችኝ። ከደቂቃዎች በኋላ እኔም ራሴ የጻፍኩትን መድገም አቃተኝ። እንዲህ ያለ ምሽግ ማን ይሰብረዋል? ባለቤቶቹም አልገቡም።

ማታ ላይ በሩ ተንኳኳ።

"ልጄ፣ ጭራሽ ጠፋ እኮ። ፓስወርድ አምጣ ይላል።"

አሁን አስቡት። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ "ይጻፉ ጋሼ፣ የሌባ ዓይነ ደረቅ..." ልበል? ደብሊው ፒ ኤ 3ን የሠራ ሊቅ ይሉኝታን የሚከላከል ነገር አልሠራም። ቤት ውስጥ ፓስወርድ ከሰባሪ ይልቅ በእሺታ ነው የሚወጣው። "አንድ ነገር እያስተካከልኩ ነው፣ ትንሽ ይታገሱኝ" ብዬ ሸኘኋቸው።

መውጫው ገስት ኔትወርክ ነው። ለእንግዳ የተለየ ስምና የተለየ ፓስወርድ ያለው ነው፤ በእሱ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የቤቱን ኮምፒውተርና ፕሪንተር ግን አያይም። ፍጥነቱንም መገደብ ይቻላል። ስሙ ደግሞ፣ ደስ ሲል፣ በእኛ ፊደል ገባልኝ። ልኩ 32 ባይት ነው፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ስለሚወስድ ከአሥር ፊደል ማለፍ አይቻልም። "እንግዳ" ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ጋሼን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው ጠቁሯል።

"እንግዳ የሚለው እኛን ነው?"

አልተከራከርኩም። ተመልሼ ስሙን ቀየርኩት። "ዋይፋያችን" አልኩት። ስድስት ፊደል፣ 18 ባይት።

ልጆቼ "ዋይፋያችን" የሚል ሲያዩ እንዳለ ወደዚያ ገቡ። ፓስወርዱ አጭር ነው፣ ኬና ኪው የለውም። ባለቤቴም ተከተለች። ልጄ "አባዬ፣ ፕሪንተሩ ጠፋ" ትላለች። አልጠፋም፤ ዋናው ኔትወርክ ላይ ከእኔ ጋር ብቻውን ቁጭ ብሏል።

ጋሼ ግን ዛሬ ጠዋት ደስ ብሏቸው ነበር። "ተመስገን፣ ዋይፋያችን ተሻለው" አሉኝ።